እናቴ ሳትጠየቅ የገባችበት ኮሜዲ

አስቀድሜ ልናገር፤ ሳቅ የምጠላ ሴት አይደለሁም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት እየነገዱ ሳይስቁ መኖር አይቻልም። ማለዳ አስጭነሽ የሸኘሽው ሽንኩርት የጣርማበርን ዳገት ሳያልፍ ዋጋው ወርዶ ይጠብቅሻል፤ ያኔ ወይ ትስቂያለሽ ወይ ጨርቅሽን ጥለሽ ታብጃለሽ። እኔ እየሳቅኩ የኖርኩ ነኝ። ስለዚህ "በዚያ ድራማ የተናደደችው ቀልድ ስለማይገባት ነው" እያሉ የሚያወሩብኝ ሰዎች ትንሽ ቢያፍሩ ደስ ይለኛል። ቀልድማ ይገባኛል። የተናደድኩትም ስለገባኝ ነው።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ቆላው ውስጥ ነው፣ ይኸው ይበቃል። ስሙን ባነሳው መጀመሪያ የሚጎዱት ለእናቴ የለፉላት ነርሶች ናቸው፤ ጥፋቱ ደግሞ የእነሱ አልነበረም።

እናቴ እዚያ የገባችው ዳሌዋን ተሰብራ ነው። መስኖው ቦይ ዳር ለዙህር ሰላት ዉዱእ ስታደርግ፣ እጅ እግሯን ስትታጠብ አዳለጣት። ደጋ ወጥታ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ አጥንቷ ውስጥ ብረት ገባላት፣ ከዚያ እንድታገግም ወደ ቆላው ሆስፒታል መለሷት። ሐኪሞቹ ተስፋ ሰጥተውን ነበር። በእኔና በአንዲት ነርስ ትከሻ ተደግፋ መቆም ጀምራለች። ከአልጋዋ ተነስታ መስኮቱ ጋ ትደርስና "በቃኝ፣ ለዛሬ ሐጅ አድርጌያለሁ" ብላ ትቀመጣለች።

የተኛችበት ክፍል የአዛውንት ሴቶች ነው። አንሶላው ከየቤታችን የመጣ ነው፤ አንዱ አበባ ያለበት፣ አንዱ መስመር ያለው፣ አንዱ የልጅ ልጅ የጠለፈው። አስታማሚዎቹ በየአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፈን እንተኛለን። ጣራው ላይ ያለው ማራገቢያ ሲፈልገው ይዞራል፣ ሳይፈልገው ይቆማል። ከእናቴ ፊት ለፊት የተኙት እትዬ ከደብረ ሲና ወደ ልጃቸው ቤት ሊጠይቁ ወርደው የታመሙ ክርስቲያን ሴት ናቸው። የቆላውን ሙቀት እንደ ሰው ይሰድቡታል። አንድ ቀን ላባቸውን እየጠረጉ፣

"ደጋ ብሆን ኖሮ ይሄኔ መጥቶ ወስዶኝ ነበር። ይሄንን ሙቀት መልአከ ሞትም አልቻለው" አሉ።

እናቴ ከትራሷ ሳትነሳ፣ "ምን ሙቀቱን ይችለዋል! መጥቶ ነበር እኮ፤ ማንጎው ሥር ጥላ አይቶ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው" አለች።

"ታዲያ እንዳትቀሰቅሺው!"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የተሰፋች ስፌቷን ይዛ፣ የሚያስላት ደረቷን ይዛ ሳቀች። ነርሷ መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች። እነዚያ ሴቶች በሞት ሲቀልዱ ያየ ሰው ቀልድ ከማንም መበደር እንደማያስፈልጋቸው ያውቅ ነበር። ይህን የምለው ቀልድ ሊያስተምሩን ስለመጡብን ነው።

የመጡት በሚኒባስ ነው። መብራት፣ ገመድ፣ ጃንጥላ የመሰለ ነጭ ነገር አወረዱ። የቴሌቪዥን ድራማ ነው አሉን፤ ታሪኩ የአረጋውያን መኝታ ክፍል ውስጥ የሚሆን፣ ልጆቻቸው የጣሏቸው አሮጊቶች፣ የሚያንቀላፉ ነርሶች፣ ሰው እየሞተ የሚሳቅበት ኮሜዲ። እውነተኛ ክፍል፣ እውነተኛ ሙቀት፣ እውነተኛ ዝንብ ፈለጉ። ለሆስፒታሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰጡት፣ የክፍላችንን ግድግዳም ቀቡልን። የቀቡት ግን በሰው ቁመት ልክ ነው፤ ካሜራው የማያየውን የላዩን እንዳለ ተዉት። ተኝቶ ወደ ላይ የሚያየው በሽተኛ የሚያየው ያልተቀባውን ነው።

ዳይሬክተሩ ኮፍያ የማያወልቅ ትሁት ሰው ነው። ትሁት ስል እያሾፍኩ አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ አሮጊቶቹን ሁሉ አንቱ ይላል። "እናቴ እዚሁ አጠገባችሁ የማጀቴ ከተማ ሰው ናት፣ እኔም የእናንተው ልጅ ነኝ" አለን። ሥራ ሊጀምር ሲል ክፍሉ መሃል ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ አጎነበሰ።

"እናቶቼ፣ ልንጀምር ነውና መርቁን።"

እኛ ጋ እጁን ዘርግቶ ያጎነበሰን ሰው ለምንድን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ይመረቃል። ምርቃት የሚጀምረው ደግሞ በዕድሜ ከሚበልጠው ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የምትበልጠው እናቴ ነበረች። ተደግፋ ተቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ መዳፎቿን ወደ ላይ ከፈተች።

"ሥራችሁን አላህ ያሳምርላችሁ።"

"አሚን! አሜን!" አለ ክፍሉ፣ ሁሉም በየሃይማኖቱ።

"የወጣችሁበት ይሙላላችሁ። በሰላም የወጣችሁትን በሰላም ያስገባችሁ። ከሰው ዓይን ይሰውራችሁ። ወልዳችሁ ሳሙ፣ ያሳደጓችሁን ጡሩ። ያረቢ፣ እኒህን ልጆች የሰው ፊት አታሳያቸው።"

እኔም በሩ ላይ ቆሜ አሚን አልኩ። ደስም አለኝ። እናቴ ስትመርቅ ድምጿ ይለወጣል፣ ይወፍራል፤ ያን ድምፅ ከተሰበረች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከእናቴ አጠገብ ባዶ አልጋ ነበር። በማግስቱ አንዲት ተዋናይት እዚያ ላይ አስተኟት። ወጣት ናት፣ ግን ፊቷን ቀብተው፣ አሸብሽበው፣ ጸጉሯን አንጥተው አሮጊት አድርገዋታል። እኔ አንገቷ ላይ ቀለሙ የት ጋ እንደሚያልቅ አይቻለሁ። እናቴ ግን የዓይን ሞራ አለባት፤ የሰው ቅርጽ እንጂ መልኩ አይታያትም። ልጅቷ ቀን ሙሉ ተጋድማ ታቃስታለች። አመሻሽ ላይ እናቴ መግሪብን ተቀምጣ ሰግዳ ስትተኛ ተነስታ ሆቴሏ ትሄዳለች፤ ጠዋት እናቴ ስትነቃ ተመልሳ እያቃሰተች ነው።

"ልጆች የሉሽም?" አለቻት እናቴ።

"ነበሩኝ። ጥለውኝ ሄዱ" አለች ልጅቷ፣ በተቀባ ፊቷ፣ ለማልቀስ ጥቂት በቀረው ድምፅ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ያለዚያች ልጅ እህል አልቀመሰችም። አጥሚት ሳመጣ "ለዚችም ምስኪን ቅጂላት" ትለኛለች። ልጅቷም ትጠጣለች! ተቀብላ፣ አላህ ይስጥልኝ ብላ። "እማ፣ ተዋናይት እኮ ናት፣ በሽተኛ አይደለችም" ብላት አላመነችኝም። "ለድራማቸው ይቀርጿታል እንጂ በሽተኛስ ናት፤ ስታቃስት አልሰማሽም? እንዲህ ያለ ማቃሰት በውሸት አይመጣም" አለችኝ። ወደ ልጅቷ ሄጄ በጆሮዋ "እባክሽ እራስሽ ንገሪያት" አልኳት።

"ገጸ ባሕርዬን እየኖርኳት ነው። እንዳታበላሺብኝ" አለችኝ።

እየኖረቻት! የእናቴን አጥሚት እየጠጣች።

ነገሩ በሆነበት ቀን ሆስፒታሉ መድኃኒት ጨርሶ ስለነበር ውጭ ካለው መድኃኒት ቤት ልገዛ ወጥቻለሁ። እናቴ የሕመም ማስታገሻ መርፌዋን ተወግታ ተኝታለች። ቀጥሎ የሆነውን ግማሹን የደብረ ሲናዋ እትዬ ነገሩኝ፣ ግማሹን በኋላ በገዛ ዓይኔ በቴሌቪዥን አየሁት።

የዚያን ቀን የሚቀረጸው የአሮጊቷ ሞት ነበር። ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ፣ አፏን ከፍታ ሞተች። ልጆቿ የሆኑት ተዋናዮች በእግርጌዋ ቆመው በቤት ውርስ ይጣላሉ። ቀልዱ እዚህ ላይ ነው፤ እናታቸው አፏን ከፍታ ቀርታ አንዳቸውም ዞር ብሎ አያያትም። በዚህ መሃል እናቴ ነቃች። ጭቅጭቁን ሰማች። ወደ ጎን ዞረች። ሞራው ቢጋርዳትም የተከፈተ አፍና የተንጠለጠለ እጅ መለየት አያቅታትም፤ በሕይወቷ ስንት ሬሳ አጥባለች።

"ኧረ ዓይኗን ክደኑላት!" አለች።

ዳይሬክተሩ እጁን አንስቶ ካሜራው እንዳይቆም ምልክት ሰጠ፤ ሁለተኛውን ካሜራ ደግሞ ወደ እናቴ አዞረው።

"እናንተ ሰዎች፣ ዓይኗን ክደኑላት እንጂ! አፏም ሊደርቅ ነው!"

ነርሶቹን ከክፍሉ አስወጥተዋቸዋል። የደብረ ሲናዋ እትዬ "ድራማ ነው፣ ተይ!" ሊሏት ሲሉ አንዱ የእነሱ ሰው በጣቱ ዝም አሰኛቸው። ይህን ሲነግሩኝ ያለቅሱ ነበር፤ "ዝም አልኩ፣ በጣት ዝም አሰኘኝ" እያሉ።

ያለ ሰው ትከሻ ቆማ የማታውቀው እናቴ የአልጋውን ብረት ይዛ ተነሳች። እግሯን እየጎተተች ሄደች። በመዳፏ የልጅቷን ዓይን ከደነች። "ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች፣ ሰው ሲሞት እኛ የምንለውን። ከዚያ አፏን የምታስርበት ጨርቅ በእጇ ስትፈልግ አጣች። ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታች።

ይህን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ድራማውን ያየ ሁሉ ሳቀበት እንጂ አልገባውም። ከአባቷ፣ ከባሏና ከወንድሞቿ በቀር የእናቴን ጸጉር ያየ ወንድ የለም። ደጋ ላይ ቀዶ ጥገና ሲያደርጉላት እንኳ ራሷን እንዳይገልጧት ሐኪሞቹን ለምና ነው የገባችው። ያቺ ሴት ነች ለማታውቃት፣ ዘመድ የላትም ብላ ለምታስባት ሴት አፍ ማሰሪያ ራሷን የገለጠችው። ወንዶች እንደቆሙ ሰምታለች። የሟችን አፍ ከፍቶ መተው ባሰባት።

ሻሹን በልጅቷ አገጭ ሥር አዙራ ልታስር ስትል ልጅቷ አልቻለችም። በእናቴ መዳፍ ሥር በሳቅ ፈነዳች። እናቴ ደንግጣ ወደ ኋላ ስትል ወደቀች።

እኔ የደረስኩት ያኔ ነው። እናቴ ወለል ላይ ናት። ዳሌዋን አልያዘችም። በሁለት መዳፏ ራሷን ሸፍናለች፤ ሳሳ ያለው ነጭ ጸጉሯ በጣቶቿ መሃል ይታያል። ከላይዋ ይስቃሉ። አንዳንዱ አፉን ይዞ፣ አንዱ ግድግዳ ተደግፎ። ዳይሬክተሩ "ወርቅ! ወርቅ ነው ይሄ!" ይላል። ሻርፔን ራሷ ላይ ጣልኩላትና የያዝኩትን መድኃኒት ከነላስቲኩ ወደ ካሜራው ወረወርኩ። ሳትኩት። ከዚያ ቀን የሚቆጨኝ መሳቴ ነው።

ሐኪሞቹ ብረቱ ቦታውን ለቋል አሉን። በዚህ ዕድሜዋ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አትችልም፤ ከእንግዲህ መቆም የለም፣ መቀመጥ ብቻ ነው አሉን። እኔ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ስለ እግሯ ምንም አልጠየቀችም።

"ወንዶቹ አዩኝ?" አለችኝ።

"አዎ እማ።"

"ያ ፎቶ ማንሻቸውስ ይዞታል?"

"ይዞታል።"

"ለማን ነው የሚያሳዩት?"

ምን ብዬ ልዋሻት? "ለአገር ሁሉ" አልኳት። ሁለት ሻሽ ደራርባ አሰረችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዘመድ ሊጠይቃት ቢመጣም ወንድ ከሆነ አላስገባም አለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

"እግሬን ተዪው፣ የአላህ ሥራ ነው። ራሴን ገልጠው ለሰው እንዳያሳዩኝ ብቻ አድርጊልኝ። ሌላ አልፈልግም።"

ወደ ዳይሬክተሩ ሄድኩ። ማንጎው ሥር ድንኳን ተክለው ምሳ ይበላሉ። ቁጭ በይ አለኝ፣ አልቀመጥም አልኩ። ጥያቄዬን ሰማና ግራ የተጋባ መሰለ።

"እህቴ፣ እናትሽ መርቀውን እኮ ነው የጀመርነው። ክፍሉ በሙሉ እጁን ዘርግቶ ፈቅዶልናል።"

"ምርቃት ፈቃድ ነው?"

"ከእናት ምርቃት በላይ ፈቃድ ከየት ይመጣል?" አለኝ። እየቀለደ አልነበረም። ከልቡ ነው። ይህ ነው ቆሽቴን ያሳረረው፤ ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ለሥራው ይቃናለት ብላ የለመነችለትን ራሷን ለመግለጥ አዋለው። ጨምሮም "እናትሽ በአንድ ጀንበር ኮከብ ይሆናሉ፣ ታያለሽ" አለኝ።

ወደ ሆስፒታሉ ኃላፊ ሄድኩ። አዲሱ ቴሌቪዥን ቢሮው ውስጥ ካርቶኑ ሳይፈታ ቆሟል። "እኛም ደስ አላለንም፤ ግን ሆስፒታላችን ይታወቃል" አለኝ።

"በምን? በእናቴ ራስ?"

ጠረጴዛውን አየ።

የቀረኝ እናቴ ናት። እርገሚያቸው አልኳት። ቢያንስ ምርቃትሽን አንሺባቸው አልኳት። "በስማቸው አሚን ያልነውን መልሺው!"

"ዱዓ አንሶላ ነው እንዴ፣ የማነጥፈው የማጥፈው?" አለችኝ። "አላህን ለምኜላቸዋለሁ። አሁን ተመልሼ ተሳስቼ ነው ልበለው?"

"ሰበሩሽ እኮ!"

"አዎ ሰበሩኝ። ብረግማቸው ይጠገናል?"

ተጣላን። እንዲህ ደግ መሆኗ አናደደኝ፣ እውነቱን ነው የምናገረው። ያን ቀን እሷ ወደ ግድግዳ፣ እኔ ወደ በሩ ዞረን ተኮራርፈን ዋልን። የደብረ ሲናዋ እትዬ መሃል ገብተው አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያባበሉ ደከሙ።

ሰዎቹ ሌላ ቦታ የሚቀርጹት ነበራቸውና ሄደው ቆይተው ተመለሱ። ሊያጠቃልሉ ነው። ዳይሬክተሩ ብስኩትና ጁስ በካርቶን አሸክሞ ገባና እንደ መጀመሪያው ቀን ክፍሉ መሃል ቆመ።

"እናቶቼ፣ ጨረስን። በምርቃታችሁ ጀምረን በምርቃታችሁ እንጨርስ" ብሎ እጁን ዘርግቶ አጎነበሰ። ካሜራው ከኋላው ነበር።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እናቴ ዞሩ። መጀመር የእሷ ነው። የእናቴ እጆች አንሶላው ውስጥ ናቸው። ጣራውን ታያለች፤ ያንን ያልቀቡትን።

ጠበቁ። የደብረ ሲናዋ እትዬ፣ የዘረጋ እጅ ሲያዩ አፋቸው ዝም የማይል ሴት፣ እናቴን አዩና ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። ቀጥሎ ያሉት አንሶላቸውን ሳቡ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ፊታቸውን አዞሩ። ማራገቢያው ሲንቋቋ ይሰማል። ሰውዬው እንዳጎነበሰ ነው፣ እጁ እንደተዘረጋ።

"እናቶቼ?" አለ ቀና ሳይል።

አልረገሙትም። ግን እናቱ የማጀቴ ሰው ናትና የዘረጉት እጅ ባዶውን ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ኮፍያውን አወለቀ። መጥቶ እናቴ አልጋ አጠገብ በጉልበቱ ተንበረከከ።

"እማማ፣ አዝነውብኛል።"

"አዝኛለሁ ልጄ።"

"ምን ላድርግልዎት?"

"ራሴን ገልጠህ ለሰው አታሳየኝ።"

"አላሳይም።"

"እውነት?"

"እናቴ ትሙት፣ አላሳይም!"

"እናትህን በምን ዕዳዋ ትገድላታለህ? እሺ ካልከኝ ይበቃኛል" አለችና እጆቿን ከአንሶላው ውስጥ አወጣች። እንደገና "የወጣችሁበት ይሙላላችሁ" ብላ ጀምራ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ አስረዝማ መረቀችው። ለእናቱ መረቀች፣ ለሚወልዳቸው ልጆች መረቀች፣ ለዚያች ለሳቀችው ልጅ ሳይቀር መረቀች። ክፍሉ አሚን፣ አሜን አለ። ሰውዬው ዓይኑን ጠረገ። እኔም አሚን አልኩ። ምን ላድርግ፣ አምኜው ነበር።

ድራማው የተላለፈው እናቴን ቤት ካመጣኋት በኋላ ነው። በየሳምንቱ ሲጠበቅ የአሮጊቷ ሞት የሚታይበት ሳምንት ደረሰ። ጎረቤት ሴቶች እኔ ቤት ተሰበሰቡ። እናቴ ደስ ብሏታል፤ "ያቺ ልጅ ደህና ናት ወይ፣ ድምጿን ልስማ" ትላለች። ቃሉን እንደሚጠብቅ እኔም እሷም አልተጠራጠርንም።

ጠብቋል። የእናቴን ራስ አላሳየም። ከአንገቷ በላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ለቀውበታል። ከአንገቷ በታች ግን ሁሉም አለ። ስትነሳ፣ እግሯን ስትጎትት፣ እጇ ከጭጋጉ ውስጥ ሻሽ ይዞ ሲወጣ፣ ስትወድቅ። ድምጿም አለ። "ኧረ ዓይኗን ክደኑላት!" ስትል ከማሽን የሚወጣ ሳቅ ፈነዳ። "ኢንና ሊላሂ" ስትል ሳቁ ባሰ። ከጎረቤቶቼ አንዷ አብራ ሳቀችና ድምፁን ስትለየው አፏን በነጠላዋ አፈነች። የእናቴን ድምፅ በዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም፤ ስንቱን መርቃለች።

እናቴ ሞራ ስላለባት ጭጋጉን አላየችውም። የሰማችው ድምጿንና ሳቁን ነው።

"እኔ ነኝ?" አለች።

"አንቺ ነሽ እማ።"

"ኢንና ሊላሂ ስል ነው እኮ የሚስቁት።"

ላጠፋው ስነሳ የመጨረሻው መጣ። ጭጋግ የሌለበት፣ ሻሿን ያሰረች፣ ፊቷ የጠራ እናቴ፣ እጆቿን ዘርግታ። የሠሪዎቹ ስም በላይዋ ላይ ወደ ላይ እየወጣ፣ በዚያ በወፈረ ድምጿ "የወጣችሁበት ይሙላላችሁ" ስትል፣ ክፍሉ አሚን ሲል። ቃል ሲገባላት ያንን ሁሉ ቀርጾታል፤ እሱ የተንበረከከውን ቆርጦ፣ እሷ የመረቀችውን አቆይቶ።

ስልክ ደወልኩለት። "ቃሌን ጠብቄያለሁ እህቴ፣ ራሳቸውን አላሳየሁም" አለኝ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ገበያ ላይ ሰው ያገኘኝና "እናትሽ እኮ አንጀታችን እስኪቆስል አሳቁን" ይለኛል። ስቆጣ "ምነው፣ መርቀዋቸው የለም እንዴ? ፈቅደው እኮ ነው" ይለኛል። አገር ሁሉ አይቷል። ለአንዱ ሳስረዳ ሌላው ይመጣል፤ ሰለቸኝ፣ ግን ማስረዳቴን አልተውም።

እናቴ ከእኔ ጋር ናት፤ በሩ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ትቀመጣለች። ሰው እንደ ድሮው ይመጣል። አረብ አገር የምትሄድ ልጅ፣ ምጥ የቀረባት፣ ማሾ ሊዘራ የሚወጣ ገበሬ፣ አጎንብሰው እጃቸውን ይዘረጋሉ። "አላህ ያውቅላችኋል" ትላቸዋለች፤ እጆቿ ከነጠላዋ ውስጥ አይወጡም። ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

በቀደም ሽንኩርት አስጭኜ እኔው ራሴ አብሬ አዲስ አበባ ልወጣ ነበር። መንገዱ በዚህ ዘመን ያስፈራል፤ ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ይጠብቀኛል። እናቴ ፊት ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁ። እጆቿ ከነጠላዋ አልወጡም።

"እማ፣ እኔ ነኝ።"

"አውቄሻለሁ።"

"ማንም የለም። እኔና አንቺ ብቻ ነን፣ የሚቀርጽ የለም።"

ፊቷን ወደ ክፍሉ ጥግ ጥግ አዞረች፣ በሞራው ውስጥ የሆነ ነገር ለማየት እየታገለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዴ እጇ ነጠላዋን ገፋ አድርጎ ሊወጣ መሰለኝ፤ መልሳ ከተተችው።

"ሹፌሩ እየጠበቀሽ ነው፣ ሂጂ" አለችኝ።

ተነሳሁና ያለ ምርቃት መኪናው ላይ ወጣሁ።